ለትርፍ ቤት የፈታኋት ሚስት

ሚስቴን የፈታኋት ሳንጣላ ነው። ይህን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል፤ እኔም ቀልድ ቢሆንልኝ በወደድሁ። በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ ሰው በብዙ ምክንያት ይፋታ ነበር፤ በመጠጥ፣ በዘመድ ነገር፣ ልጅ በማጣት፣ ባል ዘምቶ ደብዛው በመጥፋቱ። እኔ ግን የፈታሁት በብልጠት ነው። ብልጠቱ ደግሞ የገዛ ራሴ ነበር፤ ማንም አልመከረኝም፤ ስለዚህ የምረግመው ሰው እንኳ የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራ ቆጪ በሚባለው የጅማ ሰፈር ቤት ነበረን። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ያለው፣ ከጓሮው አንዲት ሰርቪስ ክፍል የተለጠፈችበት። የሠራነው በባንክ ብድር ሲሆን ቤቱም ብድሩም በሁለታችን ስም ነበር። እኔ የመንግሥት የቡና መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበርኩ፤ እሷ የሆስፒታል ነርስ። ባንኩ እሺ ያለን ሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ ነው። አንዳችን ብቻችንን ብንሄድ ኖሮ ዘበኛው ከበር ይመልሰን ነበር።

የከተማ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ አንድ ቤተሰብ መያዝ የሚችለው አንድ ቤት ብቻ ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ይባልና የመንግሥት ይሆናል። እኛን አልነካንም። ሀብታሞቹ ቤታቸው ሲወረስ እኔ «እሰይ» አላልኩም፤ ራቴን ግን በደንብ በልቼ እተኛ ነበር።

ታዲያ አባቴ ሊሙ ገነት ላይ ሞተ። በወጣትነቱ ከሰሜን መጥቶ እዚያው ቡና ሲነግድ ያረጀ ሰው ነው። ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም። የተወልኝ ሰፊ ባለቆርቆሮ ቤትና ከጓሮው ጥቂት የቡና እግር ነው። ከአርባው በኋላ የሊሙው ቀበሌ ሊቀመንበር አስጠራኝ።

«ጓድ፣ ጅማ ላይ ከሚስትህ ጋር ቤት አላችሁ ይባላል» አለኝ።

«አለን።»

«እንግዲያው ይሄኛው ትርፍ ነው። ወይ ያንን ያዝ፣ ወይ ይሄን። አስበህ ንገረን።»

ወደ ጅማ ስመለስ አውቶቡሳችን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ባይቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ደግሞ የማሰቢያ ጊዜ መስጠት ደግ አይደለም። አዋጁ የሚለው «አንድ ቤተሰብ» ነው። ብንፋታስ? ሁለት ቤተሰብ እንሆናለን። ሁለት ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ቤት ይይዛል። የጅማው በሚስቴ ስም ይዞራል፣ የሊሙው በእኔ። ነገሩ ሲረሳሳ ተመልሰን እንጋባለን። አዋጁን ያረቀቁት ያን ያህል የተማሩ ሰዎች ይህን ቀዳዳ ሳያዩት መቅረታቸው ገርሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ከሌሊት ተራ ወጥታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋት። መሐል ላይ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ይሄ ቤትስ?» አለች።

«በስምሽ ይሆናል።»

«ለብቻዬ?»

«ለብቻሽ። ለወጉ ነው እንጂ።»

«ብድሩም?»

«ብድሩም።»

እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ አደረቀችና «እሺ» አለች። እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቷን የአንደበቴ ፍሬ አድርጌ ወሰድኩት። ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባላል። እኔ የሰጡኝን ይዤ ሌላ ለመቀበል እጄን ስዘረጋ፣ የያዝኩትን በየትኛው እጅ እንደያዝኩት እንኳ አላየሁም።

ችግሩ ፍቺ የራሱ ወግ ያለው መሆኑ ነው። ባልና ሚስት ተነስተው ተፋታን ቢሉ የሚሰማቸው የለም። ሁለት ሽማግሌ ከእሷ በኩል፣ ሁለት ከእኔ፣ አንድ ሰብሳቢ ይቀመጣል። እነሱም የሚቀመጡት ለማፋታት አይደለም፤ ለማስታረቅ ነው። ታርቀው የማያውቁ ሰዎች ሲያጋጥሟቸው ይታገሳሉ፣ ያባብላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ተጣልተው የማያውቁ ሰዎች ሲያጋጥሟቸው ምን እንደሚያደርጉ ግን እኔም እነሱም አላወቅንም።

ሰብሳቢያችን ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ ሐጂ ነበሩ። የጎረቤት አባት ናቸው፤ በሰፈሩ እስላምም ክርስቲያንም ሲጣላ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። ከሚስቴ በኩል ከቀረቡት አንዱ የከምባታው አጎቷ ነው። ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር ጸሎቱን ባገኘበት ያደርስ ነበር። የቀሩት ሁለቱ የእኔ ወገኖችና የእሷ አንድ ዘመድ የሐጂን አፍ እያዩ ራሳቸውን ከመነቅነቅ ሌላ ያደረጉት የለም።

ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ምንድን ነው ያጣላችሁ?» አሉ።

እኔ አስቀድሜ ያጠናሁትን አወጣሁ። «ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች» አልኩ።

ሐጂ ትንሽ ጠበቁኝ። «ሌላስ?»

«ሌላ… በጣም ነው የምታበዛው።»

«ማሎ ልጄ፣ እኔ ቤት ሐኪም ከለከለኝና ጨው የሚባል ከጠፋ ቆየ። ሚስቴ አልጫ ብታበላኝም ወላሂ ከሷ ጋር ነው የምኖረው» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ ሚስቴም ጭምር ሳቀች። የከምባታው አጎቷ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ እርቃችን ማመስገን ጀመረ። ሐጂ ተቃቅፈን እንድንሳሳም አዘዙን። ተሳሳምን። አፌን በቆረጠው፤ ለመፋታት ተቀምጬ እንደ አዲስ ሙሽራ ተስሜ ተነሳሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ እንዲቀመጡ ስለምናቸው ያልሆንኩት የለም። አጎቷ «ደግሞ ምን ሆናችሁ?» ብሎ ተቆጣ። በዋዜማው ሚስቴን እንዲህ ብዬ ለመንኳት፤

«እኔ መዋሸት አልሆነልኝም። አንቺ ተናገሪ። ትንሽ ከበድ ያለ ነገር በይ።»

«ከበድ ያለ?»

«አዎ፣ እንዲያምኑን።»

«እሺ» አለች። ይቺ «እሺ» ከመጀመሪያዋ ትንሽ ረዘም ያለች ነበረች።

በማግስቱ ተቀመጥን። ሐጂ «ዛሬ አንቺ ተናገሪ ልጄ» አሏት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ሲነጋ ወደ ቤት ስትገባ እኔን ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደምታገኘኝ ተናገረች። ምድጃው አለ፣ ክብሪቱ አለ፣ እኔም አለሁ፤ ቁርስ ግን የለም፤ «ቁርስ የለም እንዴ?» እላታለሁ። ሌሊት ሰው እጇ ላይ ሞቶባት ከሆነ አልጠይቃትም፤ የምጠይቃት እንጀራ መኖሩን ነው።

እኔ በሆዴ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አልኩ። እንዲህ አድርጋ መጫወት የምትችል አይመስለኝም ነበር።

ቀጠለች። እንግዳ ሲመጣ ጨዋታ እንደማበዛ፣ እሷ አንድ ነገር ልትናገር ስትጀምር «እሷ ምን ታውቃለች» ብዬ እንደማስቅባት፣ እሷም አብራ እንደምትስቅ ተናገረች። ከዚያ «እናቴ የሞተችው በቡና ወቅት ነው» አለች። «መጋዘን ሥራ አለ አለኝ። እናቴን የቀበርኳት ከጎረቤት ጋር ነው። እሱ የመጣው ሰልስት ካለፈ በኋላ ነው። ሲመጣም መንገዱ እንዴት እንዳደከመው ነው ያወራልኝ።»

በሆዴ ጎሽ ማለቴን አቆምኩ። ይህ የተጠና ድርሰት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን። መንገዱ በእውነት አድክሞኝ ነበር፤ እንዳወራሁትም አስታውሳለሁ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሐሰት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አልሃምዱሊላህ፤ ካመንክ ነገሩ ቀላል ነው። ተነስና ድንጋይ ተሸክመህ እግሯ ላይ ውደቅ። ይቅር ትልሃለች። ነገሩም እዚሁ ያልቃል።»

የከምባታው አጎቷ ሐጂ ተናግረው ሳይጨርሱ ወጥቶ ከግቢው አንድ ደህና ድንጋይ አምጥቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። ሁሉም ጠበቁኝ። ሚስቴም ቀና ብላ አየችኝ። እዚያ ሳሎን ውስጥ ልታይ የምትፈልገው አንድ ነገር እንዳለ ማንም ሕፃን ያውቀው ነበር። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ድንጋዩን ከተሸከምኩ ታረቅን ማለት ነው፤ ከታረቅን ፍቺ የለም፤ ፍቺ ከሌለ የሊሙው ቤት ትርፍ ነው። የቆርቆሮው ክዳን፣ የቡናው እግር፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ።

«አልሸከምም» አልኩ።

ሐጂ «እንግዲህ እኛ የምንችለውን አድርገናል» ብለው ተነሱ። የወጡት ቡና እንኳ ሳይቀምሱ ነው።

ሲሄዱ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ «ጉድ አደረግሻቸው እኮ! እንዲያው ከየት አመጣሽው?» አልኳት። እሷ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። «ድንጋዩን ከደጅ አንሳው፣ ሰው ያደናቅፋል» አለችኝ። አንስቼ አጥር ጥግ ወስጄ ጣልኩት። መሸከሜስ አልቀረልኝም፤ የቀረው ይቅርታው ነው።

ፍቺው ጸድቆ ባንክ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ወረቀቶቻችንን አገላብጦ፣ የቀረውን ዕዳ በእሷ ስም ብቻ ለማዞር አዲስ ውል መፈረም እንዳለባት፣ ደመወዟ ብቻውን ስለማይበቃ ዋስ ማምጣት እንዳለባት ነገረን። ዋሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ መሆን አለበት። የሆስፒታሉ ነርሶች እርስ በርስ ዋስ ሆነው ካለቁ ቆይተዋል፤ አንዷ ለአንዷ፣ አንዷ ለአንዷ፣ ነፃ አንገት ያለው አልተገኘም። ሁለት ሳምንት ስንፈልግ ሰንብተን ነፃ ሆኖ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሠራተኛው ስሜን ጽፎ ቀና አለ። «አንተ እኮ ባሏ ነህ።»

«ነበርኩ።»

«አልተፋታችሁም እንዴ?»

«ተፋትተናል።»

«ታዲያ ዋስ የምትሆናት?»

«ሰው ክፉ መሆን የለበትም» አልኩት።

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «ለኔዋም እንዳንተ ዓይነት ልብ በሰጣት» አለና ማኅተሙን መታው። ወጣን። ቤቱ የእሷ ሆነ፤ ዕዳው ደግሞ እሷ ብታቆም የእኔ። ይህን የመሰለ ፍቺ ፈትቶ በደስታ እያፏጨ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ጅማ ከእኔ በፊት አይታ እንደሆነ እንጃ። ወደ ቤቱ ስል ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ወደ ቤቷ።

ለወጉ ሰርቪሷ ክፍል ውስጥ አልጋ ዘረጋሁ። ለወጉ ያልኩት ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ወደ ዋናው ቤት ልመለስ ስል «ሰው ያያል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ሰው አየ። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጥርሴን በጥርስ ሳሙና ስፍቅ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ በአጥሩ ቀዳዳ ሰላም አለኝ። ወዲያው ከቀበሌ ተጠራሁ።

«ጓድ፣ ከተፋታችሁ እዚያ ግቢ ለምን ታድራለህ? ካልተፋታችሁ ደግሞ ሁለት ቤት አላችሁ። የትኛው ነው?» አለኝ የጅማው ሊቀመንበር። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ያን ሁሉ ሳስብ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም።

«ረስቼው የሄድኩትን ሳሙና ልወስድ መጥቼ ነው» አልኩ። አፌ ላይ አረፋው ገና አልደረቀም ነበር።

ቤት ስደርስ ሚስቴ፣ የቀድሞዋ ማለቴ ነው፣ ሻንጣዬን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሸሚዞቼን ተኩሳ አጥፋ ነበር የከተተቻቸው። «ሂድ» አለችኝ። «ካልሄድክ ሁለቱንም ይወስዱታል። ያንተን እንደፈለግህ አድርገው፤ ይሄን ግን አላስወስድም።»

«መቼ ልመለስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ ሊሙው መጋዘን ተዛወርኩ፤ የፍቺ ወረቀቴን ለቀበሌው አሳይቼ የአባቴ ቤት ገባሁ። ባለ ቤት ሆንኩ። ሰፊ ቤት ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ስናገር በሌላው ይመልስልኛል። ሽሮ ስሠራ ውሃው ለብቻ፣ ዱቄቱ ለብቻ ይቀራል። የቡናውን እግር እንዳሰብኩት ሳልጠቀምበት ጦጣ ወረሰችው፤ እሷን ትርፍ አለሽ የሚላት ቀበሌ የለም። ከተማው ውስጥ ሚስቴ አባራኝ እንደመጣሁ ተወርቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ «እኔ ነኝ የፈታኋት» እያልኩ አስተባብል ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን የባንኩ ነገር ነው። ዋስ ነኝ አይደል? አንድ ወር እንኳ ሳትከፍል ብትቀር ባንኩ ይጠራኛል፤ እኔም በደህና ምክንያት ጅማ እሄዳለሁ፣ ቤቷ ገብቼ «ምን ሆንሽ?» እላታለሁ። ጥሪ መጣ ወይ እያልኩ ፖስታ ቤት እመላለስ ነበር። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለፈችም። ያለ እኔ ደመወዝ እንዴት አድርጋ እንደምትከፍል ሳስብ እኮራባት ነበር። በገዛ ሚስቴ ደህና መሆን ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ከአንድ ብርጭቆ ጠጅ በኋላ ብቻዬን ሆኜ ነው ግን።

አንድ የገበያ ቀን ጅማ ሄጄ በደጇ አለፍኩ። በሩን ሰማያዊ ቀለም ቀብታዋለች። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። አጥሩ ተጠግኗል፤ ያ እኔ «ነገ» ስለው የኖርኩት ቀዳዳ። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ማነኝ ልበል ብዬ ተውኩት። ያን ዕለት ማታ ሊሙ ተመልሼ ሰፊው ቤት ውስጥ ስገባ፣ ሁለት ቤት ልይዝ ተነስቼ አንድም እንደሌለኝ ገባኝ። ያቺን ሴት ካልመለስኩ ቀሪ ዕድሜዬን እዚህ ከጦጣ ጋር እንደምጨርስ አወቅሁ፤ ፈራሁም።

ከእሷ ጋር እንደገና ልጋባ ካልኩ አንዱ ቤት መቅረት አለበት። የአባቴን ቤት ቁልፍ ይዤ የሊሙ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። «ሰው በገዛ እጁ ቤት አይሰጥም። ምስጥ በልቶታል?» አለኝ።

«ምስጥ የለውም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ትርፍ ነው» አልኩት። ሰው ልኮ ግድግዳውን በመዶሻ እስኪያስመታ አላመነኝም።

ወደ ጅማው መጋዘን ተዛውሬ ተመለስኩ፤ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ደባል ሆኜ ገባሁና ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። የልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው።

«ማንን ልትጠይቅ?»

«ሚስቴን።»

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። ነገሩን ሁሉ፣ ትርፍ ቤቱን፣ ብልጠቴን፣ ጨውን፣ ያኔ ነው የነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ። «ልጄ፣ እኔ የተጣላ አስታርቄ አውቃለሁ። ያልተጣላ አፋትቼ አላውቅም ነበር፤ ይሄንንም አደረግከኝ። ኤዬ፣ እሄዳለሁ። ለሷ ስል ነው።»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚጠይቀው ቆሞ ነው፤ መልስ ካላገኘ አይቀመጥም። ያው እነዚያው ያፋቱን ሰዎች ሄደው ደጇ ቆሙ። ወላጆቿ ስላለፉ ራሷን ነው የጠየቋት። መጀመሪያ ሲሄዱ «አስቤ ልንገራችሁ» አለች። ልማድ ነው፤ ልጃገረድ ብትሆንም እሺታ በመጀመሪያው ቀን አይታሰብም። በሁለተኛው ሥራ ላይ ነች ተባሉ። እኔ በዚያ ሰሞን የምዝነውን ቡና እየተሳሳትኩ ኃላፊዬ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል። በሦስተኛው ሄዱ፤ እኔ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልማዱ ጠያቂው አብሮ አይሄድም ይላል።

ሐጂ ተመለሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አስቀመጠችን» አሉ። ይህ ማለት እሺ ማለት ነው። ልነሳ ስል በእጃቸው አስቀመጡኝ። «‹ቤቱ ግን በስሜ ይቆያል› አለች።»

«ይቆይ! እንኳን ቤቱ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አጎቷ ጠየቃት። ‹ለምን፣ ቂም ይዘሽ ነው? ባልና ሚስት ከሆናችሁ አይቀር እንደ ድሮው በሁለታችሁ ስም አድርጉት እንጂ› አላት። እሷ ምን አለች? ‹ቂም አይደለም› አለች። ‹ድሮ አንድ ቀን ከቤት ያስወጣኛል እያልኩ እፈራ ነበር፤ አሁን ከፈለግሁ የማስወጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሳልፈራ ላገባው እችላለሁ፤ ይግባ› አለች።»

ሐጂ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። «ትፈራህ ነበር እንዴ ልጄ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ አንድ ትሪ ላይ በልተን፣ እኔ የማውቀው፣ ጨው ታበዛለች ብዬ ብዋሽባትም፣ ጨው እንደማትወድ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ሰማያዊውን በር አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። የሥራ ልብሷን ገና አላወለቀችም። የሳሎኑ ዕቃ ቦታውን ለውጧል፤ ወንበሮቹ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ደህና ዋልሽ፣ ደህና ዋልክ ተባባልን። ሻንጣዬን ደጃፉ ላይ አቆምኩ።

«ሐጂ ነገሩኝ» አልኳት። «እኔን ትፈሪኝ ነበር?»

«አንተን አይደለም።»

«ታዲያ?»

ፋኖሱን እየጠረገች ነበር፤ መብራት ሲጠፋ የሚለኮሰውን። አስቀመጠችው። «በተከራከርን ቁጥር፣ በትንሹም በትልቁም፣ ‹ከቤቴ ውጪልኝ› ትለኝ ነበር። ወረቀቱ የሁለታችን መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ግን ሰው እንዲህ ሲባል ወረቀቱን አያስብም። ልብሴን በየት በኩል እንደምሰበስብ ነበር የማስበው።»

«የንዴት አፍ ነው እኮ። አንድ ቀን እንኳ ከልቤ ብዬው አላውቅም።»

«አንተ ከልብህ አላልከውም» አለች። «እኔ ግን ሁልጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

በመልስ የማልታማ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሰልስት ካለፈ በኋላ የደረሰ ለቀስተኛ ሆንኩ። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ሽማግሌ በሌለበት፣ ማንም ሳይሰማኝ። ራሷን ነቀነቀች። አልቅሳ ይሆናል፤ ፊቷን ወደ ፋኖሱ መልሳ ስለነበር አላየሁም።

ሻንጣዬን አነሳሁ። የት ላስቀምጠው ብዬ ጠየቅኋት፤ መኝታ ቤታችንን አሳየችኝ።